መዝገብ ያወረሱን ብላቴን ጌታ ኅሩይ

በዛሬው የግድግዳ ጋዜጣችን የምናነሣቸው ሰው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በደራሲነታቸውና በውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነታቸው ነው። እኛ ግን ዛሬ መዝገብ አዘጋጅነታቸውን ልናስታውስ ወደድን።

ኅሩይ በ1870 ዓ.ም. በሸዋ፣ መርሐ ቤቴ ተወለዱ። ያደጉት በቤተ ክህነት ትምህርት ነው። በዚያ ዘመን መጻሕፍቱ በየገዳሙና በየደብሩ ዕቃ ቤት ተበታትነው ይቀመጡ ነበር። የት ምን እንዳለ ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ጠባቂው ብቻ ነው፤ እሱ ሲሞት ዕውቀቱም አብሮት ይቀበራል። ኅሩይ በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን መጻሕፍት ዝርዝር አሳተሙ፤ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ ካታሎግ አወጡ። በ1915 ዓ.ም. በታተመው የሕይወት ታሪክ መጽሐፋቸውም የታወቁ ሰዎችን በየስማቸው እያነሡ አጠር አጠር አድርገው መዘገቡ።

እንዲህ ያለ ሥራ ከመጻፍ በፊት መወሰንን ይጠይቃል። ምን ይመዝገብ? በምን ተራ? አንዱ ከሌላው በምን ይለይ? የዛሬው የኮምፒዩተር ዳታቤዝም ከዚህ አይርቅም። መጀመሪያ ዓምዶቹ ይሰየማሉ፤ የትኛው ዓምድ ቁጥር፣ የትኛው ቀን፣ የትኛው ጽሑፍ እንደሚቀበል ይወሰናል፤ ለእያንዳንዱ ረድፍ የማይደገም መለያ ይሰጠዋል። መረጃው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።

እኛ እጩ መምህራንስ? እዚሁ ሀና ማርያም አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ተማሪዎች በስምም በአባት ስምም ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ሮስተሩ ላይ የአያት ስምና መለያ ቁጥር ከሌለ የአንዱ ማርክ ለሌላው ይሄድና ያለፈው ልጅ እንደ ወደቀ ይቆጠራል። ከፈተና የቀረና ዜሮ ያገኘ ተማሪም አንድ አይደሉም። ባዶ ቦታውን ዝም ብለን በዜሮ ከሞላነው ልጁ ያልተፈተነውን ፈተና ወደቀ ማለት ነው። ቀላል ነገር ይመስላል እንጂ የአንድ ልጅ ዓመት የሚያልፈው በዚህች ጠባብ ሣጥን ውስጥ ነው።

ኅሩይ በፋሺስት ወረራ ጊዜ ተሰደው በመስከረም 1931 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ አረፉ። አስከሬናቸው በኋላ ላገሩ አፈር በቅቷል። ዝርዝሮቻቸው ግን እሳቸው ከሌሉም በኋላ የታሪክ ተመራማሪዎችን ማገልገላቸውን አላቋረጡም።

እንግዲህ ሮስተር ስንሠራ ቶሎ ለመጨረስ ብለን ዓምድ አንዝለል። ከዓመታት በኋላ መዝገቡን የሚከፍተው ሰው እኛን ፈልጎ ሊጠይቀን አይችልም፤ የሚያገኘው የጻፍነውን ብቻ ነው።