የልጅ ኢያሱ አሟሟትና የተሰወረው መቃብር
በ1887 ዓ.ም. ከወሎው ራስ ሚካኤልና ከወይዘሮ ሸዋረጋ ምኒልክ የተወለደው ልጅ ኢያሱ ዘውድ ሳይደፋ ገዝቶ፣ መቃብሩ ሳይታወቅ አለፈ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሃይማኖቱን ለውጧል በሚል ክስ የሸዋ መኳንንትና ጳጳሱ ከሥልጣን አወረዱት። በወሩ አባቱ በሰገሌ ጦር ሜዳ ድል ሆነ። ኢያሱም በ1913 ዓ.ም. ተይዞ በኋላ በፍቼ ታሰረ።

በግንቦት 1924 ዓ.ም. ከፍቼ ሲያመልጥ እጃቸው አለበት የተባሉት የጎጃሙ ገዥ ራስ ኃይሉ ተፈርዶባቸው ታሰሩ፤ ኢያሱም እንደገና ተይዞ በሐረርጌ ጋራ ሙለታ ተጋዘ። ከደብረ ማርቆስ እስከ አማኑኤል ያለው ገባር የራስ ኃይሉን ከባድ ግብር ተሸክሞ ኖሯል፤ ገዥው ሲሾሙም ሆነ ሲሻሩ ግን ያማከረው አልነበረም። የኢያሱም ዕጣ የተወሰነው በዚያው ዝግ አዳራሽ ነው።

ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን በወረረችበት በኅዳር 1928 ዓ.ም. ኢያሱ በእስር ላይ ሞተ። በሕመም ነው ተባለ፤ ወራሪው መሣሪያ እንዳያደርገው በትእዛዝ ተገደለ የሚሉም በረከቱ። መቃብሩ ለሕዝብ ስላልተገለጸ ክርክሩ አልተዘጋም።

በዘመናቸው ኢያሱ የሞተባቸው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1966 ዓ.ም. መስከረም ላይ አይደለም፣ በ1967 ዓ.ም. መባቻ ከዙፋን ወርደው በነሐሴ በሕመም ሞቱ ተባለ፤ አፅማቸው ግን በ1984 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት ግቢ ተቆፍሮ ወጣ። እንግዲህ የተሻረን ገዥ ሞት መሰወር የአንድ ሥርዓት ብቻ ደዌ አይደለም እንላለን። ፍርድ በአደባባይ፣ ሞትም በመዝገብ ካልሆነ የታሪክን ወንበር ሐሜት ይይዘዋል።