ቻርለስ ኬተሪንግ እና የተሽከርካሪ ባትሪ አሞላል ሥርዓት

ቻርለስ ኬተሪንግ በአብዛኛው የሚታወቀው በተሽከርካሪ የኤሌክትሪክ ማስነሻ፣ በተለምዶ ሞተሪኖ በሚባለው መሣሪያ ነው። ይሁን እንጂ የሕይወት ታሪኩ በቅርበት ሲመረመር፣ ዐቢይ አስተዋፅኦው ሞተር ማስነሳት ብቻ ሳይሆን በማስነሳት የተዳከመው ባትሪ በጉዞ ላይ መልሶ እንዲሞላ ማስቻሉ እንደሆነ መገንዘብ ይቻላል።

ኬተሪንግ እ.ኤ.አ. በ1876 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ በላውደንቪል አካባቢ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በዐይን ሕመም ምክንያት ትምህርቱን ለማቋረጥ ቢገደድም፣ በስልክ መስመር ዝርጋታ ሥራ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1904 ከኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተመረቀ። ቀጥሎም በዴይተን ከተማ በናሽናል ካሽ ሬጂስተር ኩባንያ ተቀጥሮ የገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን በኤሌክትሪክ ሞተር እንዲሠራ አደረገ። ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚሠራ አነስተኛ ሞተር ከመደበኛ ዐቅሙ በላይ ቢጫንም እንደማይቃጠል የተረዳው በዚህ ሥራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1909 ከኤድዋርድ ዲድስ ጋር ዴልኮ የተባለውን ድርጅት መሠረተ። በዘመኑ ሞተር የሚነሳው በማኖቬላ ሲሆን፣ ማኖቬላው ወደ ኋላ ሲመታ የእጅ ስብራት ያስከትል ነበር። የካዲላክ ኃላፊ ሄንሪ ሌላንድ መፍትሔ በጠየቀ ጊዜ ኬተሪንግ ሁለት ተግባር ያለው አንድ መሣሪያ አቀረበ። መሣሪያው ሲያስነሳ ከባትሪው ኃይል ይወስዳል፤ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ደግሞ በሞተሩ እየተሽከረከረ ጀነሬተር ይሆንና ባትሪውን ይሞላል። የባትሪው ክፍሎች ለማስነሳት በተከታታይ ተያይዘው 24 ቮልት፣ ለመሙላት ደግሞ በትይዩ ተያይዘው 6 ቮልት ይሰጡ ነበር። ሥርዓቱ በ1912 ሞዴል ካዲላክ ላይ ለገበያ ቀረበ።

የዚህ አሠራር ፋይዳ ሚዛንን ከመጠበቅ ጋር የተያያዘ ነው። በቂ ሙሌት ያላገኘ ባትሪ ሞተር አያስነሳም፤ ከልክ በላይ የተሞላም ውኃው ይመናመናል፣ ሳህኖቹም ይጎዳሉ። ዛሬ ሁለተኛ ባትሪ በሚገጠምባቸው ተሽከርካሪዎችም ያው ጥያቄ ይነሳል፤ ረዳቱ ባትሪ ከጀነሬተሩ እየተሞላ፣ ሞተሩ ሲጠፋ ግን የማስነሻውን ባትሪ እንዳያራቁት በመለያያ መነጠል አለበት።

ኬተሪንግ ከ1920 እስከ 1947 የጄኔራል ሞተርስን የምርምር ክፍል መርቷል። በዚሁ ክፍል ቶማስ ሚጅሊ እ.ኤ.አ. በ1921 ቤንዚን ላይ የሚጨመረውን የእርሳስ ውሕድ አገኘ። ውሕዱን በማምረት ላይ የነበሩ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1924 ተመርዘው ቢሞቱም፣ ኬተሪንግ ምርቱን ከመደገፍ አልተቆጠበም። እርሳሱም ከጭስ ጋር ለአሥርት ዓመታት በየከተማው አየር ተሰራጨ። ኬተሪንግ እ.ኤ.አ. በ1958 ሲያርፍ ሁለቱም ሥራዎቹ በዓለም መንገዶች ላይ ነበሩ። በአንደኛው የወጣው ኃይል ተመልሶ የሚተካበትን መንገድ አስቀድሞ አስልቷል፤ በሌላው ግን ከተሽከርካሪው የሚወጣው እርሳስ የት እንደሚደርስ በስሌቱ ውስጥ አላካተተም። የሕይወት ታሪኩ ለምሕንድስና ተመራማሪዎች የሚሰጠው ትምህርትም የሥርዓትን ወሰን ከማሽኑ አልፎ የመመልከት አስፈላጊነት ነው።