ዶክተር ሬጅናልድ ሐምሊን፦ አዋላጆችን ሊያስተምሩ መጥተው በዚያው የቀሩት ሐኪም

በኢትዮጵያውያን ዘንድ ሐምሊን የሚለው ስም ሲነሳ ቀድመው የሚታወሱት ዶክተር ካትሪን ናቸው። ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ 27 ዓመት ቀድመዋቸው ስላረፉ ስማቸው እምብዛም አይጠራም። የእናቶችን ሞትና ጉዳት የመከላከሉን ሥራ ግን አዲስ አበባን ከማየታቸው በፊት ጀምረውት ነበር።

ዶክተር ሬጅናልድ እ.ኤ.አ. በ1908 በኒውዚላንድ፣ ኔፒየር ከተማ ተወለዱ። በሲድኒው የክራውን ስትሪት የሴቶች ሆስፒታል የሕክምና ኃላፊ ሳሉ ትኩረታቸውን የሳበው ኤክላምፕሲያ ነበር፤ ይህም በእርግዝና ወቅት የሚነሳ የደም ግፊት ተባብሶ እናቲቱን የሚያንቀጠቅጥና ራሷን የሚያስት ሕመም ነው። የነፍሰ ጡሮቹን ክብደት፣ የደም ግፊትና እብጠት በየቀጠሮው በመከታተል፣ አመጋገባቸውንም በማስተካከል ሕመሙ ከሆስፒታሉ ሊጠፋ መቃረቡን በ1952 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። የአመጋገቡ ድርሻ ኋላ አከራካሪ ሆኗል፤ ቀጠሮ ሳያጓድሉ መከታተል ግን ዛሬም ምትክ የለውም።

ከባለቤታቸው ጋር ወደ ኢትዮጵያ የጠራቸው ማስታወቂያ የወጣውም በዚያው መጽሔት ነበር። በ1959 አዲስ አበባ የገቡት በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም፣ ለሦስት ዓመት ውል ነበር። ሆስፒታሉ የተሰየመላቸው ልዕልት ራሳቸው በእንግሊዝ የነርስነት ሙያ የተማሩ ሲሆኑ፣ በ1942 በነቀምቴ በወሊድ ሳቢያ ሕይወታቸው አልፏል። ትምህርት ቤቱ ጥቂት አዋላጆችን ካሠለጠነ በኋላ ተቋረጠ።

በሆስፒታሉ የጠበቃቸው ጉዳት ግን በሲድኒ አይተውት የማያውቁት ነበር። ምጥ ቀናት ሲፈጅ የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን ፊኛ ከዳሌ አጥንት ጋር አጣብቆ ደም እንዳይደርሰው ያደርጋል፤ ሥጋው ይሞትና ይቀደዳል። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም። እናቲቱም ሽንቷን መቋጠር ተስኗት ከትዳሯ ወጥታ፣ ከሰው ተለይታ በጓሮ ጎጆ ትቀመጣለች። ፊስቱላ የሚባለው ይህ ነው። ጥንዶቹ ቀዶ ሕክምናውን ለመማር የቀደሙ ሐኪሞችን ጽሑፎች አገላበጡ፤ ከእነዚህም አንዱ የካይሮው የማህፀን ሐኪም ነጊብ ማህፉዝ ፓሻ ነበሩ። የኖቤል ተሸላሚው ደራሲ ስማቸውን ያገኙት ከእኚሁ አዋላጅ ሐኪማቸው ነው።

ዝናው ከገጠር እስከ ገጠር ሲዳረስ፣ ሴቶቹ ቀናት በእግር ተጉዘው ይደርሱ ጀመር። በ1962 ከመጡት አንዷ ማሚቱ ጋሼ ነበረች። ታክማ ከዳነች በኋላ አልጋ ከማንጠፍ ጀመረች። ዶክተር ሬጅናልድም ፊደል ያልቆጠረችውን ወጣት መሣሪያ ከማቀበል አንስተው እስከ መስፋት ድረስ አስተማሯት። እርሷም በጊዜ ሂደት የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ሆና ለጀማሪ ሐኪሞች እጇን ታሳይ ጀመር። ከሠሩት ሁሉ በድፍረቱ የሚልቀው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

በ1974፣ አገሪቱ በአብዮት ስትናወጥ፣ ጥንዶቹ ለፊስቱላ ሕሙማን ብቻ የሚሆን ሆስፒታል በአዲስ አበባ መሠረቱ። በነጻ ያክማል። ብዙ የውጭ ዜጎች አገሩን ሲለቁ እነርሱ ቀሩ። ዶክተር ሬጅናልድ በ1993 በዚያችው ከተማ አረፉ።

መጀመሪያ የመጡበት ጉዳይ የተፈጸመው በ2007 ነው። የሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ከመሐል አዲስ አበባ ወጣ ብሎ ሲከፈት፣ እርሳቸው ካረፉ 14 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ተማሪዎቹ ከገጠር ይመለመላሉ፤ ሲመረቁም እናቶች በቤታቸው ወደሚያምጡበት ወደዚያው ገጠር ይመለሳሉ።