ዳግማዊ ምኒልክና የመጀመሪያው ባንክ፦ የአስቀማጩ ገንዘብ ዋስ ማን ነበር?

ጎበሳ (አርሲ)፦ የገበሬ ማኅበር ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበር መሪ የሆነ ሰው ከስንዴና ከገብስ ሽያጭ የተሰበሰበውን ገንዘብ ባንክ ከማስገባቱ በፊት አንድ ነገር ሊጠይቅ ይገባዋል። የባንኩ ባለቤቶች እነማን ናቸው? ባንኩ ቢወድቅስ ገንዘቡን ማን ይመልሳል? ይህ ጥያቄ በአገራችን ከተነሳ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። መነሻውም የዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው።

ምኒልክ የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ነው። የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት ልጅ ሲሆኑ፣ አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን በያዙ ጊዜ ገና በልጅነታቸው ተማርከው ወደ መቅደላ ተወሰዱ። ዘጠኝ ዓመት ያህል ከቆዩ በኋላ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው የአባታቸውን ግዛት ያዙ። በ1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነቱን ዘውድ ደፉ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የኢጣልያን ጦር ድል ነሱ። ይህን ሁሉ የማያውቅ አንባቢ የለምና አናስረዝመውም።

በአርሲ ግን የምኒልክ ስም ሲነሳ አብሮ የሚነሳ ሌላ ታሪክ አለ። አጎታቸው ራስ ዳርጌ የመሩት የአርሲ ዘመቻ ብዙ ዓመት ፈጅቶ በ1878 ዓ.ም. ማብቂያ በአዙሌ ጦርነት ተደመደመ። ከዚያ በኋላ የአርሲ ገበሬ ብዙውን መሬት አጥቶ ጭሰኛ ሆነ። ስለሆነም ቀጥሎ የምንተርከው ባንክ ሲከፈት የዚህ አገር ገበሬ የሚያስቀምጠው ገንዘብ አልነበረውም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚያን ዘመን ገበያውን የያዘው የማሪያ ቴሬዛ ብርና አሞሌ ጨው ነበር። ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. መልካቸው ያለበትን ብር ቢያስቀርጹም ሕዝቡ የለመደውን ቶሎ አልተወም። ብር ያለው ሰው በጓዳው ይደብቀው ወይም ይቀብረው ነበር። ጠባቂውም ባለቤቱ ራሱ ነበር።

ምኒልክ ንግዱ እየሰፋ ሲሄድ ባንክ እንደሚያስፈልግ ተረዱ። በ1897 ዓ.ም. ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር ውል ተዋዋሉ፤ የአቢሲኒያ ባንክም የካቲት 8 ቀን 1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተመረቀ። የተፈቀደለት ካፒታል 500,000 የእንግሊዝ ፓውንድ ነበር። ለ50 ዓመት ያለ ተወዳዳሪ እንዲሠራ፣ የመንግሥቱንም ገንዘብ እንዲይዝ ተፈቀደለት።

ልብ ሊባል የሚገባው የባለቤትነቱ ጉዳይ ነው። ባንኩ የሚተዳደረው በግብፅ ሕግ ሲሆን የበላይነቱን የያዘው የግብፁ ባንክ ነበር፤ የዚያም ባንክ ባለሀብቶች በአብዛኛው አውሮፓውያን ነበሩ። እንደማንኛውም የአክሲዮን ማኅበር ባለድርሻው የሚያጣው አክሲዮኑን የገዛበትን ገንዘብ እንጂ ቤቱንና ንብረቱን አይደለም። ስለዚህ የአስቀማጩ መከታ ባለድርሻዎቹ የከፈሉት ካፒታልና የሥራ አስኪያጆቹ ጥንቃቄ ብቻ ነበር። ከባለቤቱ ሌላ ዋስ የሚሆን ድርጅት አልነበረም፤ ያን ጊዜ እንዲህ ያለው ነገር በዓለምም ቢሆን ብርቅ ነበር።

ምኒልክ ይህን ውል በመዋዋላቸው የሚነቅፏቸው አሉ። እንደ እኔ ግን በአገሩ ውስጥ ባንክ የሚያውቅ ሰው ባልነበረበት ጊዜ ሌላ ምርጫ ማግኘት ቀላል አልነበረም። ይበልጥ የሚያስነቅፈው የ50 ዓመቱ ብቸኝነት ነው፤ አስቀማጩ ባንኩን ባያምነው የሚሄድበት ሌላ በር ተዘግቶበታልና። ባንኩ እስከ 1906 ዓ.ም. ድረስ ትርፍ አላገኘም። ለገበሬ ማበደርም ሥራው አልነበረም።

ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ። ብዙም ሳይቆዩ በጠና ታመሙ፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ።

ባንኩ ከእርሳቸው በኋላ 17 ዓመት ያህል ቆየ። በ1923 ዓ.ም. መንግሥት ባለድርሻዎቹን በ235,000 ፓውንድ ካሣ አሰናበተና በ750,000 ፓውንድ ካፒታል የኢትዮጵያ ባንክን አቋቋመ። አዲሱ ባንክ የአሮጌውን ሥራ ስለተረከበ ባለቤት ቢለወጥም አገልግሎቱ አልተቋረጠም። በ1928 ዓ.ም. ግን የኢጣልያ ፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ሲገባ ባንኩ ተዘጋ። በመጀመሪያ ባለቤቱ ባሕር ማዶ ነበር፤ በኋላ ባለቤቱ መንግሥት ሆነ፤ መንግሥቱ ሲወድቅ ባንኩም አብሮ ወደቀ።

ከባለቤቱ የተለየ ዋስ በአገራችን የመጣው ገና በ2013 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ባወጣው ደንብ የኢትዮጵያ ተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ተቋቋመ። ባንኮችና የማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት አረቦን ይከፍላሉ፤ አንዱ ቢወድቅ ፈንዱ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ይከፍላል። የሚቆጠረው በየተቋሙ ነው። አንድ ገበሬ በአንድ ባንክ በሁለት ደብተር 250,000 ብር ቢኖረው ተደምሮ የሚሸፈነው 100,000 ብር ብቻ ነው፤ ቀሪው 150,000 የባንኩ ንብረት ተሽጦ እስኪጣራ ይጠብቃል። በሁለት ባንክ እኩል ቢያስቀምጠው ግን 200,000 ብሩ ይሸፈናል። ሁለቱ ባንኮች በከፊል አንድ ዓይነት ባለአክሲዮኖች ቢኖሯቸውም በየፈቃዳቸው ሁለት ተቋም ናቸው። ተዋህደው አንድ የሆኑ እንደሆነ ግን ሂሳቡም አንድ ይሆናል። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ የውጭ ባለሀብቶች በአንድ የአገር ውስጥ ባንክ በድምሩ እስከ 49 በመቶ ድርሻ እንዲይዙ ስለፈቀደ፣ ምኒልክ የከፈቱት የባለቤትነት ጉዳይ በሌላ መልክ ተመልሷል።

የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት የዚህ ፈንድ አባል አይደሉም። በእነርሱ ዘንድ አስቀማጩ ራሱ ባለቤት ነው። ኪሳራ ቢመጣ በቅድሚያ የሚነካው የማኅበሩ መጠባበቂያና የአባላቱ ዕጣ ሲሆን፣ ቁጠባው የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። ስለሆነም የማኅበሩ መሪዎች በጠቅላላ ጉባኤ የኦዲት ሪፖርት ሲቀርብ መጠባበቂያው ስንት እንደሆነና ያልተመለሰው ብድር ምን ያህል እንደደረሰ አስነብበው መስማት ይኖርባቸዋል።