ፖል ክሊፕሽ እና የክፍሉ ጥግ

ፖል ክሊፕሽ እ.ኤ.አ. በ1904 በኢንዲያና፣ አሜሪካ ተወለደ። ወፍራሙን ድምፅ በሚገባ የሚያወጣ ቀንድ መሰል ድምፅ ማጉያ ግዙፍነቱ ለመኖሪያ ቤት የማይመች ነበር። ክሊፕሽ ቀንዱን በሣጥን ውስጥ አጣጥፎ ከጥግ አስጠጋውና ሁለቱን ግድግዳዎች የቀንዱ ቅጥያ አደረጋቸው። ክሊፕሾርን የተባለውን ይህን መሣሪያ በ1946 በሆፕ፣ አርካንሳስ ያመርት ጀመር።

ሆኖም ጥጉን በር ወይም ምድጃ የያዘበት አድማጭ ምን ያድርግ? ስቴሪዮ ሲመጣም ጥጎቹ በተራራቁበት ክፍል መካከሉ ባዶ ይሆን ነበር። ከፈጠራው ይልቅ የሚደነቀው ክሊፕሽ ይህን ጉድለት አለመሸሸጉ ነው። በ1957 ለመካከሉ የሚሆን አነስተኛ ድምፅ ማጉያ ሠራ፤ ከጥግ ውጭ የሚቆም በመሆኑም ስያሜው ሄረሲ፣ ማለትም ኑፋቄ ሆነ። በ1959 የተከተለው ኮርንዎል፣ ስሙ እንደሚያመለክተው፣ በጥግም በግድግዳም ይቆማል። ክሊፕሽ በ2002 ሲሞት ክሊፕሾርን ገና ይመረት ነበር።