ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስና የመቅደላ መጻሕፍት

የዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ ታሪክ ሲነሣ በአብዛኛው የሚተረከው ጦርነታቸው፣ መድፋቸውና የመጨረሻ ሰዓታቸው ነው። መጻሕፍትን ከየአድባራቱ ሰብስበው በአንድ አምባ ላይ ማኖራቸው ግን እምብዛም አይነገርም። ይሁንና የእነዚያ መጻሕፍት ጉዳይ ከንጉሠ ነገሥቱ ሞት በኋላም እስከ ዘመናችን ድረስ አልተቋጨም።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም ገደማ በቋራ ተወለዱ። አባታቸው ደጃዝማች ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ፣ እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ይባሉ ነበር። በልጅነታቸው ለትምህርት በጨንከር ተክለ ሃይማኖት ገዳም ገቡ። ያን ጊዜ ዘመነ መሳፍንት ስለ ነበረ ገዳሙ በጦር ተወረረ፤ ከተማሪዎቹም ብዙዎቹ ሲገደሉ ካሣ አምልጠው ነፍሳቸውን አተረፉ። ትምህርት ቤት በአንድ ቀን እንዴት እንደሚጠፋ ገና በለጋነታቸው አዩ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው የጦር ሜዳ ታሪክ የታወቀ በመሆኑ በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ካሣ ሸፍተው ጭፍራ አበዙ፤ በ1845 ዓ.ም አይሻል ላይ ራስ አሊን ድል አደረጉ፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም ደጃዝማች ውቤን ካሸነፉ በኋላ በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ደፉ። በዘመናቸው ለአማርኛ ጽሑፍ ትልቅ በር ተከፈተ። ቀድሞ የነገሥታት ዜና መዋዕል በግእዝ ይጻፍ ነበር፤ ደብተራ ዘነብ የቴዎድሮስን ታሪክ የጻፉት ግን ሕዝቡ በሚናገረው በአማርኛ ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ በመቅደላ አምባ የመድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን በመጻሕፍት የከበረ ለማድረግ አሰቡ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ የተፈጸመበት መንገድ ግን መራራ ነው። ከካህናቱ ጋር በርስተ ጉልት ምክንያት የተጣሉት ንጉሥ በ1859 ዓ.ም ጎንደርን አቃጠሉ፤ የአብያተ ክርስቲያናቱም ንዋያተ ቅድሳትና የብራና መጻሕፍት ተወሰዱ። ወደ 1000 የሚጠጉ መጻሕፍት በዚህ ሁኔታ ወደ መቅደላ ተጓዙ። አንዱን ደብር ለማበልጸግ ብዙዎቹን ማራቆት አስፈለገ።

እዚህ ላይ ስለ ብራና መጽሐፍ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። ጸሐፊው ወይም መጽሐፉን ያሠራው ሰው በመጀመሪያው ወይም በመጨረሻው ቅጠል ላይ መጽሐፉ የየትኛው ደብር እንደ ሆነ ያመለክታል፤ የሰረቀውና የፋቀው ሁሉ የተገዘተ እንዲሆንም ይጽፋል። አንዳንድ ጊዜም በባዶው ቅጠል ላይ የርስት ውል ይመዘገብበታል። ስለዚህ መጽሐፉ ንባብ ብቻ ሳይሆን የአንድ አገር ሰነድ ጭምር ነው። ከቦታው ሲነቀል መነሻውን የሚመሰክርለት ያ ጥቂት መስመር ብቻ ይሆናል።

አፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ላኩ። ደብዳቤው ለንደን ቢደርስም መልስ ሳይሰጠው ከወረቀቶች መካከል ተቀመጠ። ከጽሑፍ ቅርሶች ሁሉ የዚህን ያህል መዘዝ ያመጣ ጥቂት ነው፤ በደንብ ተጠብቆ ቆይቷልና፣ የጎደለው መልስ ሰጪ ብቻ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ መናቃቸውን ባዩ ጊዜ የእንግሊዝን ቆንስልና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ፤ እስረኞቹን ለማስፈታትም በጄኔራል ናፒየር የሚመራ ጦር ዘመተ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም በአሮጌ በተደረገው ጦርነት የቴዎድሮስ ሠራዊት ተሸነፈ። ሚያዝያ 6 ቀን አምባው ሲሰበር ንጉሠ ነገሥቱ እጅ ከመስጠት ሞትን መርጠው በሽጉጣቸው ራሳቸውን ገደሉ።

ወታደሮቹ በአምባው ላይ ያገኙትን ሁሉ ዘረፉ። ምርኮው በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ከደረሰ በኋላ በጨረታ ተሸጠ። ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሠራተኛ ሪቻርድ ሆልምስ ለሙዚየሙ ገዛ። ብዙ መጻሕፍት ለጨለቆት ቤተ ክርስቲያን ሲተዉ፣ ወደ 350 የሚሆኑት ግን ለንደን ገቡ። ለዓመታት የተሰበሰበው በጥቂት ቀናት ተበተነ፤ በአንድ አምባ ላይ ባይከማች ኖሮ በአንድ ቀን ባልጠፋም ነበር።

አፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1864 ዓ.ም ክብረ ነገሥት የተባለው መጽሐፍ እንዲመለስ ጠየቁ፤ ሙዚየሙም ከነበሩት ቅጂዎች አንዱን መለሰ። በለንደን የቀሩትን ዊሊያም ራይት የተባለው ሊቅ አንድ በአንድ መርምሮ ዝርዝራቸውን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1877 አሳተመ። ያ ዝርዝር የባለቤትነትን ማስታወሻ ስለ ጠቀሰ፣ ከየትኛው ደብር እንደ ወጡ ዛሬም ለማወቅ ይረዳል።

ከመቶ ዓመት በኋላ ሌላ መንገድ ተጀመረ። በ1960ዎቹ አጋማሽ በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት የሚገኙ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም መነሣት ጀመሩ። መጻሕፍቱ ለባለቤቶቻቸው ይመለሳሉ፤ ከፊልሙ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ሲቀር ሌላው በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ይቀመጣል። በዚህ ዓይነት ወደ 9000 የሚጠጉ መጻሕፍት ተነሡ፤ ከፊልሞቹም ብዙዎቹ ኋላ ወደ ዲጂታል ምስል ተለወጡ። ሰብሳቢው መጽሐፉን ሳይወስድ ንባቡን ያተረፈበት ዘዴ በመሆኑ ከመቅደላው በእጅጉ ይለያል።

የመቅደላ መጻሕፍትም የብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት ንብረት ከሆኑ በኋላ ብዙዎቹ በዲጂታል ካሜራ ተነሥተው በኢንተርኔት ለአንባቢ ቀረቡ። አመኔታ የሚጣልበት ዲጂታል ቤተ መዛግብት ግን ምስል በማንሣት ብቻ አይወሰንም። ባዶውን ቅጠልና የግዝቱን መስመር ሳይቀር ያነሣል፤ ከእያንዳንዱ ምስል በሒሳብ የሚገኝ ቁጥር ይመዘግባል። ከምስሉ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ ቁጥሩ ስለሚለወጥ ጉድለቱ ይታወቃል። ቅጂዎቹንም በተራራቁ ቦታዎች ያኖራል።

በጥቅምት 2016 ዓ.ም ያለ ፈቃድ የገቡ ሰዎች የብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍትን የኮምፒዩተር ሥርዓት አሽመደመዱ። ከጎንደር የወጣውን መጽሐፍ ጎንደር ሆኖ ያነብ የነበረ ሰው በአንድ ጀምበር ገጹን አጣ። አምባው ሁለተኛ ተሰበረ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ምስሎቹ ከብዙ ወራት በኋላ ጥቂት በጥቂት እንደገና መከፈት ጀመሩ፤ ብራናዎቹ ግን ያን ጊዜ ሁሉ ከለንደን መደርደሪያቸው አልተነቃነቁም።