አባ ጎርጎርዮስ ሜንደልና የአተሩ ቆጠራ

ልጆቻችን በየትምህርት ቤቱ ስለ ባዮቴክኖሎጂና ስለ ዘረ መል ምሕንድስና ይማራሉ። ትምህርቱ ከገዳም አትክልት ስፍራ እንደ ተነሣ ቢያውቁ መልካም ነውና የአባ ጎርጎርዮስ ሜንደልን ሕይወት እናቀርባለን።

ሜንደል በ1822 (እ.ኤ.አ.) በዛሬዪቱ ቼክ ሪፑብሊክ ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለዱ። ታናሽ እኅታቸው ለጋብቻዋ ከተመደበላት ገንዘብ ከፍላ ለትምህርታቸው ሰጠቻቸው። በ1843 በብርኖ ከተማ ወደሚገኘው የአውጉስጢኖሳውያን ገዳም ገቡ፤ በ1847 ክህነት ተቀበሉ። ሕሙማንን መጎብኘት መንፈሳቸውን እጅግ ስላወከው አበምኔቱ ለማስተማር ላኳቸው። የመምህርነቱን ፈተና ግን በ1850 ወደቁ፤ በቪየና ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1856 ዳግመኛ ቢቀርቡም አልተሳካላቸውም። እንዲያም ሆኖ በምትክ መምህርነት እስከ 1868 አስተማሩ።

ለሁለተኛ ጊዜ በወደቁበት ዓመት አተር ማዳቀል ጀመሩ። እስከ 1863 ድረስ ወደ 28,000 የሚጠጋ ተክል መረመሩ። ድቡልቡሉን ፍሬ ከጨምዳዳው ጋር ሲያዳቅሉ የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉ ድቡልቡል ሆነ፤ በሁለተኛው ግን የጠፋ የመሰለው ጨምዳዳ ተመለሰ። አንድ በአንድ ቆጠሩት፦ 5,474 ድቡልቡል፥ 1,850 ጨምዳዳ፤ ሦስት ለአንድ ያህል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ከጸሎት ቤት የተማሩት ይመስለናል። ከቁጥሩም ባሕርይ ከሁለቱም ወላጆች በጥንድ እንደሚወረስ፥ የተሰወረውም ሳይጠፋ ለልጅ ልጅ እንደሚተላለፍ ተረዱ።

ጥናታቸውን በ1865 አንብበው በ1866 አሳተሙ፤ ልብ ያለው ጥቂት ነበር። በ1868 አበምኔት ሆነው ተሾሙ፤ በኋላም በገዳም ግብር ምክንያት ከመንግሥት ጋር ሲሟገቱ ደከሙ፤ በ1884 ዐረፉ። ሊቃውንት ሥራቸውን እንደ ገና ያገኙት በ1900 ነው። የሰው ዘረ መል በባክቴሪያ ውስጥ ገብቶ የተመረተው ኢንሱሊን በ1982 ለስኳር ሕሙማን ሲፈቀድ፥ ሜንደል ካረፉ 98 ዓመት ሆኗቸው ነበር።